የቤታችን ዴስክቶፕ ተንቀራፈፈ፦ ላሳድሰው ወይስ ዕቁቡን ጠብቄ ልቀይረው?

ወለላ ዘደብረብርሃን · ጥር 2018

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እንዴት ሰነበታችሁ?

ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ዴስክቶፕ ነው። ያገለገለ ነው የገዛነው። ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ጠዋት አብርቼው፣ ቡና ቆልቼ ስመለስ ክቡ ገና ይሽከረከራል። ዎርድ ከፍቼ ክሮም ከጨመርኩበት ደርቆ ይቀራል። በዚያ ላይ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ቀን ኢንተርኔቱ «ግንኙነትዎ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» እያለ አንድ ገጽ አይከፍትልኝም።

ተጠቃሚው ብዙ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ፈተናና የትምህርት ዕቅድ በፓወር ግዕዝ እጽፍበታለሁ። ባለቤቴ ማታ ማታ የአንድ ወፍጮ ቤትና የሁለት ሱቆችን ሒሳብ በፒችትሪ ይይዛል። ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ትንሹ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው።

አንድ ሱቅ ወስጄው ነበር። ልጁ ሳይከፍተው «ይሄ ጊዜው አልፎበታል፣ ይጣሉት፣ አዲስ ላፕቶፕ ልስጥዎት» አለኝ። የነገረኝ ዋጋ የብዙ ወር ደሞዜ ነው። ዕቁብ አለኝ፤ ዕጣው ግን መቼ እንደሚወጣልኝ አላውቅም። እጄ ላይ ያለው ትንሽ ነው።

በትንሹ ላሳድሰው? ወይስ ዕቁቡ እስኪደርሰኝ ልታገስ? ካሳደስኩስ ከምን ልጀምር?

ኮድ በጠባሴ

እትዬ ወለላ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ብር ከማውጣትዎ በፊት ማሽኑ የት ጋ እንደሚታነቅ ይዩ።

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ትንሽ ሆኖ ከመጣ ታች ያለውን «ሞር ዲቴይልስ» ይንኩ። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ)፣ ዲስክ የሚሉ ዓምዶች ከነፐርሰንታቸው ያያሉ። አሁን እንደ ሁልጊዜው ዎርዱንም ክሮሙንም ፒችትሪውንም ይክፈቱ። ሲንቀራፈፍ የትኛው 100 አካባቢ ችክ ብሎ እንደቀረ ይዩና ይንገሩን። ዲስኩ ከሆነ መድኃኒቱ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው። ሜሞሪው ከሆነ ራም። ሲፒዩው ሁሌ ጣሪያ የሚነካ ከሆነ ያኔ ስለ መቀየር እናወራለን።

የሰዓቱ ነገር ቀላል ነው። ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 ትባላለች። እሷ ናት የሞተችው። ሰዓት ጠጋኝ ጋ ሁሉ ትገኛለች። ቀኑ ወደ ኋላ ሲሄድ የድረ ገጾቹ የደህንነት ሰርተፍኬት ቀን አልገጥም ይላል፣ ስለዚህ ብሮውዘሩ ይዘጋብዎታል። በጥቂት ብር የሚጠፋ ችግር ነው።

ደላላው አይደለሁም

እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ያገለገሉ ላፕቶፖች እሸጣለሁ። ስሜን አይታችሁ አትፍረዱ 😄

እንደ እኔ ይቀየር። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና ከኢንቴል ከሆነ 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። 7010 የ3ኛ ጀነሬሽን ማሽን ነው። በይፋ አይቀበለውም። የምትገዢለት ራም ዲዲአር 3 የሚባለው የድሮ ዓይነት ነው፤ ነገ አዲስ ማሽን ስትገዢ የትም አይገባልሽም። ሁለተኛ፣ ላፕቶፕ ባትሪ አለው። መብራት ሲሄድ ልጁ ጥናቱን አያቋርጥም። ሦስት ቦታ ትንሽ ትንሽ ከመበተን አንዴ ጨክኖ መግዛት ይሻላል።

ብረት ፈቺው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። እነዚህን የዴል ሳጥኖች በየቀኑ እከፍታለሁ። ወንድሜ ከላይ ስለ ዊንዶውስ 11 ያልከው ልክ ነው። ሦስት ቦታ መበተን ያልከው ግን አልገባኝም። ሦስት ቦታ ግዢ ማን አላት?

እህቴ፣ 7010 ጠንካራ ማሽን ነው። ኮር አይ 5 3470 ከሆነ አራት ኮር አለው። ዎርድ፣ ፒችትሪ፣ ዩቲዩብ፣ ዙም ምንም አይከብደውም። የሚገድለው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚመላለስ ራስ አለ። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ከዚህም ከዚያም ይጠራል፣ ራሱ ሲሯሯጥ ይውላል። በሴኮንድ ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ፍለጋ ነው የሚችለው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው በአሥር ሺዎች ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ነው። ሻጮች «በሴኮንድ 550 ሜጋባይት» እያሉ የሚጽፉት ትልቅ ፊልም ሲገለበጥ ያለው ፍጥነት ነው፤ አንቺን ያስመረረሽ ግን የትንንሾቹ ነው።

አንድ የምለው አለ። ለአሮጌ ማሽን ዕቃ ስትገዢ «ይሄ ነገ ወደ ሌላው ማሽን ይሻገርልኛል?» ብለሽ ጠይቂ። 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ይሻገራል (ሳታ የመሰኪያው ዓይነት ነው)። ነገ ዴስክቶፕ ብትገዢ ውስጡ ይሰካል፣ ላፕቶፕ ብትገዢ ደግሞ በትንሽ ኬዝ ውጫዊ ዲስክ ይሆናል። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለደቂቃዎች የሚይዘው የባትሪ ሳጥን፣ ይሻገራል። ሞኒተርና ኪቦርድ ይሻገራሉ። ዲዲአር 3 ራም አይሻገርም፤ ስለዚህ ከሌላ ማሽን የተፈታ ያገለገለ 4 ጊጋ ብቻ ጨምሪ፣ አዲስ አትግዢለት። ፕሮሰሰሩን ወደ ኮር አይ 7 3770 መቀየር ይቻላል፣ ሶኬቱ አንድ ነው፤ ግን አይሻገርም፣ ለአንቺ ሥራም ለውጡ አይታይም። ተይው።

በነገራችን ላይ ሳጥኑ ላይ ዳንቴል አለበት?

ወለላ ዘደብረብርሃን

ዳንቴሉን በምን አወቅክ? 😂 አማቴ ናቸው የሠሩት። የኋላውን ወንፊት ሁሉ ሸፍኖታል። አሁን አንስቼዋለሁ፤ እንግድነት ሲመጡ መልሼ አለብሰዋለሁ።

ኮድ፣ እንዳልከኝ አደረግኩ። እግዜር ይስጥልኝ። ዲስክ 100 ላይ ቆሞ አይወርድም። ሜሞሪ 86 ነው። ሲፒዩ ከ15 እስከ 20 ባለው ይመላለሳል። ማለት ችግሩ ዲስኩ ነው? ራሙስ?

ኮድ በጠባሴ

አዎ፣ ዋናው ዲስኩ ነው። ራሙም እያገዘው ነው። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል፤ ቀድሞ የታነቀው ዲስክ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። ሲፒዩው ግን ሥራ ፈትቶ ነው የሚጠብቀው። «ጊዜው አልፎበታል» የተባለው ክፍል ከሁሉም በላይ ዘና ያለው ነው ማለት ነው።

ራም ከመጨመርዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። «ዚስ ፒሲ» ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ። «ሲስተም ታይፕ» 64 ቢት ይላል ወይስ 32 ቢት? 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ቢጨምሩም አይጠቀምበትም፤ ዊንዶውሱ በ64 ቢት መጫን አለበት።

ጋሽ ጣርማበር

ልጆቼ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ደብረ ሲና ነው የምኖረው። ስለ ቺፑ አላውቅም፤ ስለ ብር ግን ልናገር።

ወለላ፣ «ዕቁቡን ልጠብቅ» ያልሽውን በደንብ አስቢበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተከትሎት ሄደ። ያን ጊዜ «ትንሽ ልጠብቅ» ያለ ሰው፣ ያጠራቀመው ብር ዕቃውን ሳይደርስበት ቀረ። መጠበቅም ዋጋ አለው ለማለት ነው። ግን ደግሞ ተበድሮ መሮጥ አይገባም። ዛሬ በእጅሽ ባለው ሥራሽን የሚያስኬድልሽን አድርጊ፣ ዕቁቡ ሲደርስ ያኔ ሳትቸኩይ ትመርጫለሽ።

አንድ ጥያቄ ለባለሙያው። የልጅ ልጄ ራም ተወደደ እያለ ነው። እውነት ነው?

ብረት ፈቺው

እውነት ነው ጋሼ። ከፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ደረጃ ተወዷል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የሜሞሪ ቺፑን እየጠረጉ ይገዙታል፣ ፋብሪካዎቹም ወደ እነሱ ዞረዋል። ማይክሮን የተባለው አምራች እንዲያውም በታኅሣሥ 2025 ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ሰው መሸጥ እንደሚያቆም አስታውቋል። ኤስኤስዲም ከዚያው ዓይነት ፋብሪካ ስለሚወጣ ይነካዋል። ስለዚህ እዚህ የብር ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንቱ አይሠራም። ሦስት ቦታ ደውሎ መጠየቅ ነው።

ማስተዋል ዘመንዝ

ከመሐል ሜዳ ሰላም ብለናል። እዚህ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ግን ኮምፒውተራችን አይሞቅም 😅

እግረ መንገዴን የማያስፈልጋችሁን ነገር ልንገራችሁ። የሃርድ ዲስኩ ራስ ሳህኑን አይነካም። ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጠረው ስስ አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየር ሲሳሳ መንሳፈፉ ይከብደዋል። ብዙ አምራቾች ለተለመዱት ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ነው ይሠራል ብለው የሚጽፉት። ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ገደማ ናት፣ ጠርዝ ላይ ናችሁ። ጓሳ ያለ ሰው አልፎታል። ነገ ይሰበራል ማለቴ አይደለም፣ ዓመታት የሚሠራ አይቻለሁ። ግን ደጋ ላይ ለምንኖር ኤስኤስዲን የምንወድበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው። ከፍታ አይገደውም።

ዋናው ምክሬ ይሄ ነው። አዲሱን ከመግዛትሽ በፊት የአሮጌውን ዲስክ ጤና እዪ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ስትከፍቺው ሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቂ። ቀይ ከሆነ በአስቸኳይ።

የሮቢት ሙቀት

እኛ ሸዋ ሮቢት ደግሞ በተቃራኒው ነን። ሙቀቱም አቧራውም አይጣል ነው።

እትዬ፣ ሳጥኑ ከተከፈተ አይቀር ያጽዱት። መብራቱን ነቅለው፣ ውጭ በረንዳ ላይ። ለስላሳ የቀለም ብሩሽና ንፋስ ይበቃል። ንፋስ ሲነፉበት ፋኑን በጣት ይያዙት፣ በኃይል እንዳይሽከረከር። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፓስታ) ደርቆ ኖራ መስሎ ከሆነ ጠርገው አዲስ ያስቀቡት፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል ትበቃለች። የወፍጮ ቤት ሒሳብ የሚሠራ ሰው ልብስ ላይ ዱቄት ይዞ እንደሚመጣ አልጠራጠርም 😀

ወለላ ዘደብረብርሃን

64 ቢት ነው። እሰይ።

ግን ክሪስታሉን ስከፍተው ቢጫ ሆነ። «ኮሽን» ይላል። ከታች «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ» የሚል መስመር ላይ ቢጫ ነጥብ አለ። ባለቤቴ ይሄን ሲያይ ራቱን አልበላም። የሦስት ዓመት ሒሳብ እዚያ ላይ ነው ያለው። ምን ይሻላል?

ብረት ፈቺው

አይዟችሁ፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ደረሳችሁበት። ያ መስመር ዲስኩ የተበላሹ ቦታዎቹን ትቶ በመጠባበቂያ መተካት መጀመሩን ነው የሚናገረው። ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ነገም ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ስለ ፍጥነት መነጋገራችንን ትተን መረጃውን እናውጣ።

ዛሬ ማታ፣ ሌላ ምንም ሳትነኩ፦

ፒችትሪን ክፈቱ። እያንዳንዱን ካምፓኒ ለብቻ፣ ፋይል ከሚለው ሜኑ «ባክአፕ» በሉ። በፒቲቢ የሚያልቅ ፋይል ይወጣል። ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ያንኑ ፍላሽ ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፋይሉ እንደሚታይ አረጋግጡ። ብዙ ሰው ይህችን ይዘልላታል። ሁለተኛ ቅጂ ኢሜይል ላይ ወይም ቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅስ» ላይ ብትልኩ ደግሞ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አለ። የደንበኛ ሒሳብ ስለሆነ ፋይሉን በፓስወርድ ዚፕ አድርጋችሁ ላኩት።

ቀጥሎ የአንቺን ፈተናዎችና የልጆቹን ፎቶ። ፊልሙን መጨረሻ።

ሌላው፣ የፒችትሪው መጫኛ ፋይልና ሲሪያል ቁጥሩ እጃችሁ ላይ አለ? የፓወር ግዕዙስ? ኤስኤስዲው ላይ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ነው የምንጭነው። የታመመ ዲስክን እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ አልወድም፤ የተበላሸውን ፋይል አብሮ ያመጣዋል፣ ግልበጣው ራሱም ዲስኩን ያደክመዋል። እንደ አዲስ ሲጫን ግን ፕሮግራሞቹ ሁሉ እንደገና መጫን አለባቸው። መጫኛ ሳይኖር ዲስኩን ፎርማት ያደረገ ሰው ሱቄ መጥቶ ሲለምነኝ ውሏል፣ እኔ ከየት አመጣለሁ?

ኮድ በጠባሴ

ኤስኤስዲ ሲገዙ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሽፋኑ «2 ቴራ» ይላል፣ ዋጋው ግን የ256 ጊጋ ነው። እንዲህ ያለውን አይንኩ። ዊንዶውስን አታልሎ 2 ቴራ አለኝ የሚል፣ ውስጡ ግን ትንሽ ፍላሽ የተለጠፈበት አለ። መጀመሪያ ይቀበላል፣ ሲሞላ ፋይል ይበላል። ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ይፈትሹት። ዲስኩን ዳር እስከ ዳር ጽፎ መልሶ ያነባል። ይህን ማድረግ ያለብዎት ባዶ ሳለ፣ ዊንዶውስ ሳይጫንበት ነው። ሰዓታት ቢወስድም ይተዉት ይሥራ።

«ኤም ዶት ቱ» ወይም «ኤንቪኤምኢ» የሚባለውን ቀጭን ካርድ እንዳይሸጡልዎ። ፈጣን ነው፣ ግን 7010 ላይ መሰኪያው የለም። የሚፈልጉት 2.5 ኢንች ሳታ ነው። 240 ወይም 256 ጊጋ ይበቃል። 128 ቶሎ ይጠብባል።

ደላላው አይደለሁም

ዲስኩ ቢጫ ከሆነ ኤስኤስዲው ይገዛ፣ አልከራከርም። ግን የዊንዶውስ 10 ነገር ማንም አልመለሰልኝም። የደንበኛ ሒሳብ የያዘ ማሽን ድጋፍ በሌለው ሲስተም ኢንተርኔት ላይ ይውላል?

ኮድ በጠባሴ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ማይክሮሶፍት ለቤት ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደህንነት ዝመና አዘጋጅቷል። ስሙ ኢኤስዩ ነው። ዊንዶውስ 10 «22ኤች2» የሚባለው ቅጂ መሆን አለበት። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ «ኢንሮል ናው» የሚል ሊንክ ይወጣል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ ካበሩ በነጻ ነው። ካልፈለጉ 30 ዶላር ይላል፣ እሱን ይርሱት።

ስለዚህ እትዬ ወለላ እስከ መጪው ዓመት ጥቅምት ድረስ ጊዜ አላቸው። ዕቁቡም በዚያ መሀል ይደርሳል ብለን ተስፋ እናድርግ።

ዊንዶውስ 11ን በመላ መጫን ይቻላል፣ 3ኛ ጀነሬሽን ላይ ይሠራልም። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላሉ ማሽኖች ዝመና ለመስጠት ዋስትና አይሰጥም። ሒሳብ በሚሠራበት ማሽን ላይ አልመክርም። ሊኑክስ ሚንትም አለ። እኔ የምጠቀመው እሱን ነው፣ ነጻ ነው፣ 22ኛው እስከ 2029 ዝመና ያገኛል። ለአሮጌ ማሽን አሪፍ ነው።

ማስተዋል ዘመንዝ

ሊኑክሱን ለባለቤታቸው ንገራቸው እስቲ። ፒችትሪ እንዴት ልትጭንላቸው ነው?

ኮድ በጠባሴ

አይጫንም፣ እሺ 😅 ፓወር ግዕዝም የዊንዶውስ ነው። ለዚህ ቤት ዊንዶውስ ይሁን። ሊኑክሱን የማወራው ዕቁቡ ደርሶ አሮጌው ለልጆች ብቻ ሲቀር ነው።

ወለላ ዘደብረብርሃን

ባክአፑ ተሠርቷል። የፒችትሪው ሲሪያል የድሮ ደብተር ጀርባ ላይ ተጽፎ ተገኘ። ባለቤቴ ዛሬ ምሳውን በልቷል።

ልጄ ደግሞ «ሳጥኑ ከተከፈተ አይቀር ግራፊክስ ካርድ ይግባበት» እያለ ነው። ለጥናት ነው ይላል።

የሮቢት ሙቀት

ለየትኛው ትምህርት? ፊፋ? 😂

ብረት ፈቺው

የዚህ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ከ275 ዋት አይበልጥም፣ ትንሹ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ትልቅ ካርድ አይሸከምም። ትንንሾቹ ይገባሉ፣ ግን ይሄ ብር ወዴት መሄድ እንዳለበት ልንገርሽ፦ ወደ ዩፒኤስ። ዴስክቶፕ ላይ መብራት ድንገት ሲሄድ ፒችትሪ እየጻፈ ከነበረ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ሲመጣ ደግሞ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው፤ ሱቄ የሚመጣው የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ አብዛኛው የዚያ ነው። 650 ቪኤ የሆነ ዩፒኤስ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓት የምታጠፉበት ደቂቃዎች ይሰጣችኋል። እንደ ላፕቶፕ ሰዓታት አያቆያችሁም። ያገለገለ ከሆነ ባትሪው አልቆ ሊሆን ስለሚችል ሱቁ ውስጥ ከግድግዳው ነቅለው ያሳዩሽ።

ብሩ አሁን ለሁሉም ካልበቃሽ በዚህ ቅደም ተከተል ግዢ፦ ኤስኤስዲ እና የሳንቲም ባትሪዋ ዛሬ። ያገለገለ 4 ጊጋ ራም ከተገኘ አብሮ። ዩፒኤስ በሚቀጥለው ደሞዝ። እስከዚያ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ነቅለሽ ጠብቂ።

ልጁ ፈተናውን ይጨርስና ስለ ካርዱ እንነጋገራለን።

ጋሽ ጣርማበር

ኤስኤስዲውን ከአዲስ አበባ ካስመጣሽ በሚኒባስ ረዳት እጅ ብቻ አትላኪው። ደረሰኝ ይኑረው፣ ቢያንስ የሳምንት የመመለሻ ቃል በጽሑፍ። ቴሌግራም ላይ «ቅድሚያ በቴሌብር ላኩ» የሚል የማታውቂው ሻጭ ካጋጠመሽ እዚያው ተይው። ትንሽ ቢወደድም ሄጄ የምጨቃጨቅበት ሱቅ ይሻለኛል።

ደላላው አይደለሁም

ጋሼ ሁላችንንም በአንድ አይፈርጁን እንጂ፣ ሁሉም ሌባ አይደለም 😄 ግን ልክ ነዎት።

ወለላ፣ ዕቁቡ ሲደርስሽ ለሚቀጥለው ግዢ ይሄን ያዢ። ሻጭ «ኮር አይ 7 ነው» ቢልሽ ዝም ብለሽ ጀነሬሽኑን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ በፕሮሰሰሩ ስም ላይ ከሰረዙ (-) በኋላ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር ነው። አይ 5 8250 ከሆነ 8ኛ ነው፣ አይ 5 3470 ከሆነ 3ኛ። አምስት አሃዝ ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፣ 10210 ማለት 10ኛ ነው። ገበያው ላይ 2ኛ ጀነሬሽን አይ 7ን በውድ የሚሸጥ ሞልቷል። ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም።

ላፕቶፕ ከሆነ፣ አጥፍተሽ አብሪው፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ግቢ። ፓስወርድ ከጠየቀሽ ተይው፤ የውጭ ድርጅት ዕቃ ሆኖ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ የባትሪ ሪፖርት አስወጪ። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን የቀረውን ጎን ለጎን ያሳይሻል። ግማሽ ከቀረው በዋጋው ተከራከሪ። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ በኋላ መጨመር አትችዪም፣ ያኔ 8 ጊጋ ያለውን እንጂ 4 ጊጋ ያለውን አትውሰጂ።

ይሄን የነገርኩሽ ሌላ ሰው ጋ ብትገዢም ነው።

ወለላ ዘደብረብርሃን

ይመስገን። ብረት ፈቺው፣ ልጄ ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እኔና እሱ ጠረጴዛው ላይ ከፈትነው። ከሥሩ የወጣው አቧራ እንደ ሱፍ ተጠቅልሎ ነው የወጣው፣ እኔ እስክፈራ። ኤስኤስዲው ቅዳሜ መጣ፣ ፈተሽነው፣ ልክ 240 ነው። የሃርድ ዲስኩን ገመድ ነቅሎ እዚያ ላይ ሰካው፣ የሰፈር ልጅ ዊንዶውሱን ጫነልን። ያገለገለ 4 ጊጋም ተገኘ። ፒችትሪ ተከፈተ፣ ሒሳቡም ተመለሰ። አሁን አብርቼው ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ ይነሳል። ቀኑም ጥር እንደሆነ ያውቃል።

ዕቁቡን እንግዲህ አልነካውም። ትልቋ ልጄ ሲቪል ምሕንድስና ከደረሳት አውቶካድ ስለሚያስፈልጋት ለእሷ 8ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ይሆናል ብለናል። ካልደረሳት ደግሞ እስከ ጥቅምት እናያለን።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ኤስኤስዲው ለቦታው በጣም ትንሽ ነው፣ በገመዱ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ይጎዳዋል? አሮጌው ዲስክስ ፊልም ማስቀመጫ ይሆነኛል?

ብረት ፈቺው

መንጠልጠሉ እሱን አይጎዳውም፣ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ገመዱ ግን ሊላቀቅ ይችላል። ከ2.5 ወደ 3.5 ኢንች የሚያደርስ የብረት ቅንፍ አለ፣ ርካሽ ነው። እስኪገኝ በሁለት ፊት ፕላስተር ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ለጥፊው፣ ከፋኑ ራቅ አድርገሽ።

አሮጌውን ዲስክ ቢጠፋ የማታዝኚበትን ፊልም ብቻ አስቀምጪበት። በዚያው ሳጥን ውስጥ ከሰካሽው ግን ሁለተኛ የሳታ ገመድ ያስፈልግሻል። ሱቄ ትርፍ አለኝ፤ ልጁን ላኪው፣ ነጻ ነው።

ወለላ ዘደብረብርሃን

ነገ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እልከዋለሁ። ስለ ግራፊክስ ካርድ ከጠየቀህ አልሰማሁም በለው።